ጥላ ስጠው እንጂ አትጠቅልለው፦ ስለ ጀልባ ፎም ወለል ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጣና ላይ ሰው የማመላልስባት 7 ሜትር የሞተር ጀልባ አለችኝ። አካሏ ላሜራ ነው፤ ከላይ የሸራ ጣራ አላት። መስከረም ላይ ወንድሜ ከአሜሪካ ጀርባው ሙጫ ያለው ጥቁር ግራጫ ፎም ላከልኝና ወለሉን በሙሉ አለበስኩት። ሲያምር ለጉድ ነበር። ይኸው ግንቦት ሳይወጣ ነጣ፣ ጠርዙ ተነሳ፣ ማዕዘኑ ተጠቀለለ። የገረመኝ የተበላሸው ወደ የብስ የዞረው ጎን መሆኑ ነው። ወደ ሐይቁ የዞረው ደህና ነው። እኔ ውሃው እያንጸባረቀ ሐይቅ በኩል ያለውን የሚጎዳ ይመስለኝ ነበር። ፎሙ ከአንድ ጥቅል ነው የተቆረጠው። ቀን ላይ ባዶ እግሩን የገባ ሰው ይዘላል። አንዱ የመኪና ዳሽቦርድ ማብሪያ ቀባው አለኝ። ሌላው ጀልባዋ ስትቆም ወለሉን በላስቲክ ጠቅልለው አለኝ። የቱን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተው። ማብሪያው ሰው ይጥልብሃል። ላስቲኩ ደግሞ የተረፈውን ፎም ይጨርስልሃል። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ምክንያቱ ከገባህ ነገ ሌላ ሰው ሌላ መላ ሲነግርህ ራስህ ትመዝነዋለህ።

እኔ ሻርጃና ዱባይ ውስጥ 11 ዓመት የጀልባ ወለልና መቀመጫ ስሠራ ቆይቼ ነው የተመለስኩት። አሁን ሐዋሳ ነኝ። ይኼን ፎም በብዙ ዓይነት ጀልባ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከለጠፍኩት በላይ ደግሞ ተበላሽቶ ሲመጣ ልጬዋለሁ። ከመለጠፉ ይልቅ መላጡ ብዙ ያስተምራል።

የተላከልህ ፎም ኢቪኤ የሚባለው ነው። ሙሉ ስሙ ኤቲሊን ቫይናይል አሲቴት ነው። ስሙ ቢረዝምም ነገሩን ታውቀዋለህ፤ የነጠላ ጫማህ ሶል ነው። ሕፃናት የሚድሁበት በቀለም ያሸበረቀው ምንጣፍም እሱው ነው። ሲዴክ፣ ሃይድሮ ተርፍ እየተባሉ የሚሸጡት የጀልባ ወለሎችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ልዩነቱ ለጀልባ የሚሠራው ፀሐይ መቋቋሚያ ተቀላቅሎበት የሚመጣ መሆኑ ነው። ውስጡ በጥቃቅንና በተዘጉ የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። ውሃ የማይጠጣው፣ ሲረግጡትም የሚመቸው ለዚህ ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ ላይ የተረሳ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ አይተህ ታውቅ ይሆናል። ወለልህ ላይ የደረሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፀሐይና ሙቀት ብለን አንድ ላይ እንጠራቸዋለን እንጂ ሁለት ጠላቶች ናቸው። የፀሐይዋ የማይታይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ የሚበላው የፎሙን ፊት ነው። ፕላስቲኩ የተያያዘባቸውን ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል፣ ቀለሙን ያነጣል። በጣትህ ስታሸው እንደ ጠመኔ ብናኝ የሚወጣው የተበጣጠሰው ፕላስቲክ ነው። ሙቀት ግን ፊት ላይ አይቆምም። ዘልቆ ፎሙን ያለሰልሰዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ከሥር ያለውን ሙጫ ያላላዋል። ስለዚህ «ነጣ» ስትለኝ የጨረር ሥራ ነው። «ጠርዙ ተነሳ፣ ማዕዘኑ ተጠቀለለ» ስትለኝ የሙቀት ሥራ ነው። አንተ ጋ ሁለቱም ገብተዋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጨረሩን ለመከላከል ብሎ ያገኘውን ነገር ፎሙ ላይ ያለብሳል፤ ያለበሰው ነገር ሙቀቱን አፍኖ ይይዝበታል። አንዱን ጠላት በበር አስወጥቶ ሌላውን በመስኮት ማስገባት ነው። የምትፈልገው ጨረሩን የሚከለክል፣ አየሩን ግን የማይከለክል ነገር ነው። ከዚህ በታች የምልህ ሁሉ ከዚች የሚወጣ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ለምን አንዱ ጎን ብቻ እንደተጎዳ እንይ። ይኼ ነገር ሌሊት ሳይቀር ሲያሳስበኝ ነበር፤ መልሱን ሳገኘው በጣም ደስ አለኝ።

ባሕር ዳር ያለችው በጣና ደቡባዊ ጫፍ ነው። ስለዚህ ጀልባህን ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ካሰርካት ሐይቁ በሰሜንህ ነው፣ የብሱ በደቡብህ። አሁን ፀሐይን አስብ። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ማዘንበሏ 35 ዲግሪ ይደርሳል። አንተ ፎሙን የለጠፍከው መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ከለጠፍክበት ቀን ጀምሮ ሙሉውን በጋ ፀሐይዋ ከደቡብ፣ ከየብሱ በኩል ነበረች።

ጣራ እያለኝ እንዴት ትለኝ ይሆናል። ጣራህ ከወለሉ 1.8 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። በታኅሣሥ ቀትር ላይ የጣራህ ጥላ ወደ ሰሜን 1.25 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ጀልባዋ ወርዷ 2 ሜትር ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወለል፣ ያውም ደቡብ ያለው፣ ጣራ እያለው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል ማለት ነው። ጥላው የሚያርፈው ሐይቁ በኩል ባለው ወለልና ውሃው ላይ ነው። ያ በኩል ደህና የሆነልህ ጥላ ስላገኘ ነው እንጂ ፎሙ የተለየ ስለሆነ አይደለም።

የውሃው ነጸብራቅ ያን ያህል አያሳስብህ። ዓይን ስለሚወጋ ብዙ ይመስላል እንጂ ውሃ ከዚያ ጨረር መልሶ የሚያንጸባርቀው ከ10 በመቶ በታች ነው። ከፍታው ግን ያሳስብህ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው። ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሻርጃ እያለሁ ሙቀቱ ራሱ ይገርፍሃል፤ ሳትወድ ጥላ ትፈልጋለህ። ጣና ላይ ግን ነፋሻ ነው። ነፋሱ ቆዳህን ያቀዘቅዝልሃል፣ ጨረሩን ግን አያስቆመውም። ፀሐዩ ቀላል ነው ብለህ የተዘናጋኸው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ጀልባዋን ጎን ለጎን አትሰራት። አፏን ወደ የብስ፣ ጀርባዋን ወደ ሐይቅ አድርገህ እሰራት። ያኔ ርዝመቷ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሆናል። ጥላው ሲሸሽ ከወርዷ ሳይሆን ከርዝመቷ ላይ ይሸሻል፤ ፀሐይ የሚያገኘውም አፏ አካባቢ ያለው አንድ ሜትር ከምናምን ብቻ ይሆናል። እዚያ ጋ ከጣራው ላይ የምታወርደው የሸራ መጋረጃ ስፋበት። ጠዋትና ማታ ከጎን የሚገባው ፀሐይ ብዙም አይጎዳህም፤ ጨረሩ ያኔ ደካማ ነው። ባሕር ዳር ላይ ትክክለኛው ቀትር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አደገኛው ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል ያለው ነው። በዚያ ሰዓት ከቆምክ ጥላ ውስጥ ቁም። ቦታው ጎን ለጎን ካልሆነ አያሳስርህም እንበል፤ እንግዲያው መጋረጃውን በደቡብ ጎን ርዝመቷን ሙሉ አውርደው።

ወደ ላስቲኩ ልምጣ። አንድ ነገር ልንገርህ። እዚያ አገር አንድ ደንበኛ ነበረኝ። በሰኔ ለእረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ጀልባውን «እንዳይጎዳ» ብሎ በጠቆረ ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ አስጠቀለላት። ወለሏን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፣ ገና ሦስት ወሩ ነው። መስከረም ላይ ተመልሶ ጠራኝ። ላስቲኩን ስንገልጠው ውስጡ እንደ ምድጃ ይተነፍስ ነበር። ቀለሙ ምንም አልሆነም፤ ትናንት የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ጨረር አላገኘውማ። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ በዙሪያው አጥሮ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ማዕዘኖቹ ወደ ላይ ተቀልብሰዋል። ለድርቆሽ የተሰጣ እንጀራ ጠርዙ እንዴት ቀና ቀና እንደሚል ታውቃለህ፤ ልክ እንደሱ። አንዱን ይዤ ሳብ ሳደርገው ሙጫው እንደ ማስቲካ እየተሳበ መጣ። ያን ቀን ነው ጨረርና ሙቀት የተለያዩ መሆናቸው አጥንቴ ድረስ የገባው።

ኢቪኤ እንደ ቅይጡ የሚቀልጠው ከ70 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። መለስለስ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። ጥቁር ፎም በጠራራ ፀሐይ ላይ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አየሩ ራሱ 30 ዲግሪ እንኳን ሳይሞላ። ከላዩ ላስቲክ ሲደረግበት ያችን ሙቀት የሚወስድለት ነፋስ ያጣል። የሚያሳልፈው ነጭ ላስቲክ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ብርሃኑን ያስገባል፣ ሙቀቱን አያስወጣም፣ ጨረሩንም በደንብ አይከለክልም። አበባ የሚያበቅሉበትን የላስቲክ ቤት አስበው። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ያፍንና ፎሙን ያሻግተዋል።

ካለበስክ ሸራ አልብስ። ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን። ፎሙ ላይ አይተኛ። ከጀልባዋ አፍ እስከ ጀርባዋ ገመድ ወጥር፤ ሸራውን እንደ ድንኳን በገመዱ ላይ ጣለውና ጎንና ጎኑን እሰረው። በሸራውና በወለሉ መካከል ቢያንስ አንድ ክንድ ክፍተት ይኑር። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይሁኑ፣ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ወፍራሙ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራም እንዲህ ከፍ ብሎ ከተወጠረ ያገለግላል። ጥፋቱ ወለሉ ላይ ሲተኛ ነው።

አሁን የተበላሸውን ጎን እንየው። ከተነሱት ማዕዘኖች አንዱን ቀስ ብለህ ገልብጠህ ሆዱን ተመልከት። ሙጫው ላይ የቀለም ቅርፊት ተጣብቆ ከመጣ የለቀቀው ሙጫው አይደለም፣ የላሜራው ቀለም ነው። ይኼ በላሜራ ጀልባ ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ሙጫውን ይረግማል። ሙጫው ንጹሕ ሆኖ አቧራ ብቻ ይዞ ከተነሳ፣ ስትለጥፈው ላሜራው ላይ ቅባት ወይም እርጥበት ነበረ። ክር እየሠራ እየተለጠጠ ከመጣ ግን ሙቀት ነው። ሦስቱም የተለያየ ሥራ ነው የሚጠይቁት። ሳታይ መልሰህ ብትለጥፈው በሁለት ወር ውስጥ እዚያው ነህ።

ቀለሙ ከሆነ የለቀቀው፣ የዚያን አካባቢ ፎም አንሳና ላሜራውን እስከ ብረቱ ፋቀው። ዝገት ካለ ጨርሰህ አውጣ። አንቲረስት ቀባ፣ ከዚያ ቀለም ቀባ። ከዚያ ታገስ። አዲስ ቀለም በእጅ ሲነኩት ደርቋል ማለት ውስጡ ደርቋል ማለት አይደለም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጠው። ሳይደርቅ ከለጠፍክበት ከቀለሙ የሚወጣው ትነት ከፎሙ ሥር ታፍኖ ፀሐይ ሲነካው ያብጣል።

ያጠረ ፎም አይመለስም። ጎትተህ ቦታው ላይ ልታደርሰው አትሞክር። የተለጠጠ ፎም ፀሐይ ባገኘ ቁጥር ወደ ነበረበት ሊመለስ ይታገላል፤ ሙጫውንም ይዞት ይነሳል። የተጠቀለለውን ማዕዘን ቆርጠህ ጣለው። ስትቆርጥ ሹል አታድርገው፤ የሻይ ብርጭቆ አፍ አስደግፈህ ክብ አድርገህ ቁረጠው። ሹል ማዕዘን ሁልጊዜ ቀድሞ ይነሳል። በቁራጮቹ መካከል 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ክፍተት ተው። ይኼ ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት እጅግ ይበልጥ ይሰፋል። መሄጃ ካጣ ሆዱን ያብጣል።

መልሰህ ስትለጥፍ በጠዋት፣ ጥላ ውስጥ ይሁን። ላሜራውን በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ከፋርማሲ በሚገዛው አልኮል ንጹሕ ጨርቅ ነክረህ ጥረገው። ቲነርና አሴቶን ቀለሙን ያነሱብሃል፣ ተዋቸው። ማስቲሽ ሰው ይመክርህ ይሆናል። ጫማ ላይ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ነገር ያሰጋኛል። ተራው ማስቲሽ ሙቀት ሲያገኘው ይላላል። ሌላው፣ ችኩል እጅ ሳይነፍስ ይለጥፈዋል፤ የታፈነው ትነትም ያብጣል። ሌላ ካላገኘህ በስሱ ሁለቱንም ፊት ቀባ፣ እጅ እስከማይዝ ድረስ አናፍሰው፣ ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር አየሩን እያስወጣህ ተጫነው። ከተቻለ ግን ወንድምህ ለጀልባ ፎም የሚሆነውን ባለ ሁለት ፊት የአክሪሊክ ማጣበቂያ ይላክልህ። ከለጠፍክ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ አታስነካው፣ ሰውም አታስረግጥበት። የዚህ ዓይነት ሙጫ ወዲያው የያዘ ቢመስልም ኃይሉን የሚያገኘው እየቆየ ነው።

የነጣው ፊት ብቻውን ከሆነ ያን ያህል አትዘን። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሳትጫን፣ በአንድ አቅጣጫ አሸት አሸት አድርገው። ላይኛው የሞተ ንብርብር ይለቅና ከሥሩ ደህናው ቀለም ይወጣል። አንዴ ወይም ሁለቴ ነው እንጂ በየወሩ የሚደረግ አይደለም። ፎምህ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ነው፣ አልቆ ያልቅብሃል።

እኔ አንተን ብሆን ግን የማደርገው ሌላ ነው። የሚከተለውን በደንብ አንብብልኝ።

ፎሙን ላሜራው ላይ አልለጥፈውም። ኮምፖርሳቶ ላይ እለጥፈዋለሁ። 10 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፖርሳቶ ግዛ። አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሳው በሚችል መጠን አስቆርጠው፣ 60 በ120 ሴንቲሜትር ቢሆን ይመቻል። ሁለቱንም ፊት፣ በተለይ ደግሞ አራቱን ጠርዝ፣ ደጋግመህ ቀለም ቀባ። ኮምፖርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ከዚያ ፎሙን ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ተረጋግተህ ለጥፈው። ጎንበስ ብለህ በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ ከምትለጥፈው ጋር አይወዳደርም። ሳንቃዎቹን ጀልባዋ ላይ በቡሎን እሰራቸው፤ በአጋጣሚ እንዳይነሱ፣ አንተ ስትፈልግ ግን ቶሎ እንዲፈቱ። ሰው ከመጫንህ በፊት እያንዳንዱ ሳንቃ ጠርዝ ላይ ቆመህ ተወዛወዝበት። የሚላወስ ካለ አትጫን፤ ሥሩን አስተካክል።

ጥቅሙ ምን መሰለህ? ሥራ በሌለህ ሳምንት ሳንቃዎቹን ፈትተህ ግምጃ ቤት ታስገባቸዋለህ። ፀሐይ የሚነካቸው ሰው በጫንክባቸው ሰዓታት ብቻ ይሆናል። ደግሞ ላሜራህን ታያለህ። ፎም የተለጠፈበት ላሜራ ሥሩ ሲዝግ ማንም አያየውም። ያየኸው ቀን ተበስቶ ነው የሚሆነው። ለእኔ ከወለሉ ውበት ይልቅ ይኼ ይበልጥብኛል፤ የሰው ነፍስ ነው የምትጭነው። ስታስቀምጣቸው ብቻ ፀሐይ ከሚመታው ቆርቆሮ ግድግዳ ጋር አታስደግፋቸው፣ በላያቸውም ከባድ ዕቃ አትጫን።

ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች ታውቃቸዋለህ። ከሐይቁ ሲወጡ ደንገሉ የጠጣው ውሃ እንዲደርቅ ታንኳዋን ጎትተው ፀሐይ ላይ ያቆሟታል። እነሱ ትክክል ናቸው፤ የደንገል መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ያንተው ወለል ግን ተቃራኒው ነው። እዚያው ዳር ላይ ጎን ለጎን ስለምትውሉ ልማዱ ወዳንተ እንዳይጋባ ነው የምነግርህ።

ፎም ደግሞ ሁሉም ቦታ አያስፈልግህም። ሰው በማይረግጠው፣ በወንበር ሥር፣ በሞተሩ ዙሪያ ምን ይሠራል? ሰው የሚገባበትና የሚያልፍበት ላይ ይበቃሃል። የቀረውን ላሜራ ነጭ ቀባው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የተቀባ ላሜራ ራሱ እንደ ምጣድ ይግልና ሙቀቱን ወደ ፎሙ ጠርዝ ያደርሰዋል። ጠርዙ ቀድሞ ከሚለቅበት ምክንያት አንዱ ይኼ ነው።

የዳሽቦርድ ማብሪያውን በተመለከተ ልለምንህ። ያ ነገር ሲሊኮን ወይም ዘይት ነክ ነው። ያብረቀርቃል፣ አዲስ ያስመስላል። እርጥብ እግር ሲያርፍበት ግን በረዶ ነው። አንተ የምትጭነው ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱ እናቶችን ነው። ከጀልባ ወደ ድንጋዩ ሲሻገሩ እግራቸው ውሃ ነክቷል፤ አንድ እጃቸው ነጠላቸውን ይዟል። እዚያ ላይ አንድ ሰው ወድቆ ዳሌው ቢሰበር ምን ብለህ ትመልሳለህ? ለወለል ተብሎ ያልተሠራ ማብሪያ ወለል ላይ አይቀባም። አለቀ።

እግር ማቃጠሉን ለማስታገስ የሐይቁ ውሃ አለልህ። ሰው ከመግባቱ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ቀድተህ ወለሉ ላይ አፍስስበትና በመጥረጊያ ገፋ አድርገው። ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ በባዶ እግር ይረገጣል። ምን ያህል እንደሚሞቅ ማወቅ ከፈለግህ በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚደቅኑብንን መለኪያ መጠቀም ትችላለህ። ለዕቃ መለኪያ የሚሆን ምርጫ ካለው ወደዚያ ቀይረው፤ በሰውነት መለኪያው ከ40ዎቹ መጀመሪያ በላይ አያነብልህም። በቀትር ጥላ ያለውንና ፀሐይ ላይ ያለውን ለካና ልዩነቱን እየው። እኔ ካወራሁልህ ሁሉ እሱ ያሳምንሃል።

ማጠቡ ቀላል ነው። የገላ ሳሙና በውሃ ሟሙቶ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በጠዋት። የጣና ውሃ ደለል አለው፤ ደለሉ በፎሙ መስመሮች ውስጥ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ በየእርምጃው ይፍቀዋል። ስለዚህ ሳይደርቅ አለቅልቀው። በረኪና አታብዛ። ሞተር ቅባት ሲነካው በቤንዚን መጥረግ የተለመደ ነው፤ ይኼን ግን በፍጹም። ቤንዚን ፎሙን ያሳብጠዋል፣ ሙጫውንም ያሟሟዋል። ጀሪካንህም ፎሙ ላይ አይቀመጥ። ሙቀትና ክብደት ሲገናኙ የማይመለስ ጉድጓድ ይሠራሉ፤ የፕላስቲክ ወንበር እግር እንኳን ይበቃል። ላቫጆ ቤት እንዳለው ባለ ግፊት ውሃ ከተጠቀምክ ጠርዙን አትምታው፤ ከመሀል ነው።

ክረምቱ እየገባ ነው። ተጓዥ ሲቀንስ ሳንቃዎቹን ቤት ውስጥ ሥራ። ደህና የቀረውን የሐይቅ በኩል ፎም አትንካው፤ ዘንድሮን ያገለግልሃል። ለአዲሱ ግን ወንድምህ እንደገና ጥቁር ግራጫ እንዳይልክ ንገረው። ፈካ ያለ ግራጫ ወይም የአሸዋ ቀለም ይሁን። ጥቁርና ፈካ ያለ ፎም ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ሲውሉ እጅህ ራሱ ይለየዋል። ርካሹን የልጆች ምንጣፍ ወይም የስፖርት ቤት ምንጣፍ እንዳይገዛ፤ ፀሐይ መቋቋሚያ የለበትም።

ጥቅሉን ከመላኩ በፊትም ናሙና ያስልክልህ። ከናሙናው ልክ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ቁረጥ። 70 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየው፣ ውሃው ሲበርድ እየቀየርክ። አውጥተህ ሲቀዘቅዝ ለካው። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ካጠረ ያ ፎም ለጀልባ አይሆንም። ሌላውን ቁራጭ መስከረም ላይ ቆርቆሮ ጣራህ ላይ እሰረው፤ ግማሹን በላሜራ ቁራጭ ሸፍነህ፣ ግማሹን ለፀሐይ ትተህ። ኅዳር ላይ ላሜራውን ግለጠውና ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን እያቸው፣ በጣትህም እሻቸው። የሁለቱን ፎቶ ላክልኝና አብረን እናየዋለን።